ስለ ጓሮ ዛፍና ስለ ችኩል መጋዝ

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ ሰው መሣሪያውን ሲያሻሽል ልቡናውን አብሮ ካላሻሻለ፥ ይጠቅመኛል ያለው መሣሪያ መልሶ ይጐዳዋል። ስለታም ቢላዋ በሕፃን እጅ ሲገባ እናት የምትደነግጠው ቢላዋው ክፉ ስለ ሆነ አይደለም፤ የያዘው እጅ ገና ስላልበሰለ ነው እንጂ። እኔም ዛሬ ልከራከርበት የተነሣሁት ነገር ይህን ይመስላል። አባቶቻችን በየጓሮው ያቆዩአቸው ትልልቅ ዛፎች ለአንድ ድግስ ማገዶ ሲባል በሞተር መጋዝ በአንድ ሰዓት ጊዜ ውስጥ ሲወድቁ አያለሁ። ይህን ሥራ ቀላል ስሕተት ነው ብዬ አላልፈውም። ስንፍና የተቀላቀለበት ድፍረት ነው እላለሁ። እንዲህ ለማለት የደፈርሁትም ከሌላው ሰው የተሻልሁ ሆኜ አይደለም፤ እኔ ራሴ አድርጌው ፍሬውን ስላየሁት ነው።

ክርክሬን ከመጀመሬ በፊት ማንን እንደማልከስ ልናገር። ልጆቿን ለማብላት ጭራሮ ለቅማ ከእንጦጦ ተራራ በጀርባዋ ተሸክማ የምትወርደውን ሴት አልከስም፤ እርስዋ ዛፍ አልጣለችም፥ ድኽነት እርስዋን በሸክም አጐበጣት እንጂ። ባሕር ዛፍ ተክሎ፥ አሳድጎ፥ ቈርጦ የሚሸጠውንም ገበሬ አልከስም፤ እርሱ ያጨደው የዘራውን ነው። ከሥሩ በስብሶ በቤት ጣሪያ ላይ ያዘመመውን ዛፍ በጥንቃቄ የሚያስወርደውንም አልከስም፤ ከዛፍ ይልቅ የሰው ነፍስ ይበልጣልና። እኔ የምከሰው ፊደል የቈጠረውን፥ ደኅና ኑሮ ያለውን፥ ማገዶ ገዝቶ ማንደድ የሚችለውን፥ ነገር ግን ዛፉ በአጥሩ ውስጥ ስለ ቆመ ብቻ ከገበያ ይልቅ ይቀርበኛል ብሎ የሚያስቈርጠውን ሰው ነው። ይህም ሰው በአንድ ወቅት እኔ ነበርሁ።

አባቴ ቤቱን የሠራው በ1949 ዓ.ም. በምዕራብ ኢትዮጵያ ባለች በአንዲት ከተማ ዳር ነው። ቦታውን ሲመነጥር ቍጥቋጦውን ሁሉ ጠርጎ አንድ ዋንዛ ብቻ ሳይነካ ተወ። እኔ ከሁለት ዓመት በኋላ ስወለድ ዛፉ ደኅና ጥላ ይሰጥ እንደ ነበር እናቴ ትነግረኝ ነበር። ክረምት ሲወጣ ነጭ አበባ ይለብሳል፤ ያን ጊዜ ንቦች ከጧት እስከ ማታ ሲያጕረመርሙበት ይውላሉ። በበጋ ቢጫ ፍሬው ሲረግፍ የሰፈር ልጆች ሁሉ ከሥሩ ይሰበሰባሉ፤ ፍሬው ጣፋጭና እንደ ሙጫ የሚጣበቅ ስለ ሆነ ጣቶቻችንን ስንልስ እንውል ነበር። ከጥላው በታች እናቴ የተከለቻቸው ስድስት እግር ቡናዎች ነበሩ። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ገብቼ ፊደል ስቈጥር የተቀመጥሁበት አግዳሚ ወንበርና የጻፍሁበት ጠረጴዛ ከዋንዛ ሳንቃ የተሠሩ ነበሩ። ኋላም እኔ በተራዬ አስተማሪ ሆኜ ከ35 ዓመት በላይ ሳገለግል ስለ ዛፍ ጥቅም ለተማሪዎቼ ስንት ጊዜ እንደ ተናገርሁ ቍጥሩን አላውቀውም። ነገር ግን በጥቍር ሰሌዳ ላይ የጻፉትን በጓሮ መፈጸም ሌላ ትምህርት ኖሯል።

በ2009 ዓ.ም. በጥር ወር የመጀመሪያ ልጄን ልድር ተሰናዳሁ። የድግስን ነገር ታውቁታላችሁ፤ ጠላው ይጠመቃል፥ እንጀራው ይጋገራል፥ ወጡ በትልልቅ ድስት ይሠራል፤ ይህ ሁሉ ማገዶ ይበላል። አንድ ማታ ዘመዶቻችን ተሰብስበው ቡና እየጠጣን ስለ ወጪው ስንመክር፥ ከመካከላቸው አንዱ፥ "ጋሼ፥ ይህን የሚያህል እንጨት በጓሮዎ ቆሞ ሳለ ማገዶ ይገዛሉ እንዴ?" አለኝ። ሁላችንም ሣቅን፤ ነገሩ ብልሃት መሰለን። በረካው ሳይቀዳ ውሳኔው አለቀ። ከስድሳ ዓመት በላይ የቆመ ዛፍ በሁለት ስኒ ቡና ጊዜ ተፈረደበት።

በማግሥቱ ከጧቱ ሦስት ሰዓት ላይ የሞተር መጋዝ የያዙ ሁለት ጐረምሶች መጡ። ግንዱ ሁለት ሰዎች እጅ ለእጅ ተያይዘው በጭንቅ የሚያቅፉት ነበር። ሞተሩ ሲነሣ ከቅርንጫፎቹ ውስጥ ወፎች ተነሥተው ሄዱ፤ ሰጋቱራውም እንደ ሽሮ ዱቄት በጐረምሶቹ ጫማ ላይ ይፈስ ጀመር። በራሳቸው ላይ የብረት ቆብ፥ በዐይናቸው ላይ መከላከያ አልነበራቸውም፤ እኔም ይህን ለመጠየቅ አላሰብሁም። አራት ሰዓት ሳይሞላ ዛፉ መሬት ላይ ነበር። ሲወድቅ ከስድስቱ ቡናዎች አራቱን ሰበረ፤ የጐረቤቴንም አጥር ደረመሰ።

የአጥሩ ባለቤት ከእናቴ ጋር ሲኖሩ ሲጠራሩ ያረጁ ባልቴት ነበሩ። በትራቸውን ይዘው ወጡና የወደቀውን ዛፍ ረዥም ጊዜ ተመለከቱት። ስለ አጥራቸው የሚቈጡኝ መስሎኝ ይቅርታ ልጠይቅ ስጀምር፥ ስለ አጥሩ አንድ ቃል ሳይናገሩ፥ "ልጄ፥ ምን በደለህ?" አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

ከዚህ በኋላ የሆነው ነገር ለችኩል ሰው የሚገባ ቅጣት ነው። ጐረምሶቹ ግንዱን በክንድ በክንድ ቈራረጡት፤ ፈላጮችም ፈለጡት። ለሠርጉ የቀረው ስምንት ቀን ነበር። ፍልጡን ከምጣድ ሥር ባስገቡት ጊዜ ጫፉ ላይ ውኃ እያዠ ያፏጭ ጀመር፤ ጭስ እንጂ ነበልባል አልወጣውም። የጋጋሪዎቹ ዐይን ደም መሰለ፤ እንጀራው ግን ዐይን ሳያወጣ ሊጥ እንደ ሆነ ቀረ። ይህ ለምን እንደ ሆነ እኔ አስተማሪው ማወቅ ነበረብኝ። አዲስ የተቈረጠ እንጨት ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ውኃ ነው። እሳቱ አስቀድሞ ያን ውኃ አፍልቶ ማትነን ይገባዋል፤ ለወጥና ለእንጀራ የሚተርፈው ሙቀት ከዚያ የቀረው ነው። ስለዚህ የተፈለጠ እንጨት ደኅና ማገዶ እንዲሆን ቢያንስ ስድስት ወር፥ ወፍራሙም አንድ ዓመት ያህል በፀሐይና በነፋስ ሊደርቅ ያስፈልጋል። እኔ ግን ስምንት ቀን ሰጠሁት።

ማን አወጣችሁ ብትሉ፥ እኒያ ባልቴት ናቸው። ከማድ ቤታቸው ኋላ ከጣሪያ ሥር የተከመረ ደረቅ እንጨት ነበራቸው፤ በልጅ ልጆቻቸው አሸክመው ላኩልን፤ የጐደለውንም ባሕር ዛፍ ከገበያ ገዝተን ሞላን። ያን ደረቅ እንጨት ከየት እንዳገኙት ላመሰግናቸው ሄጄ ብጠይቃቸው፥ "ከዛፍህ ነዋ!" አሉኝ። ባለፉት ዓመታት ነፋስ ከዋንዛው እየሰበረ ወደ አጥራቸው የጣለውን ቅርንጫፍ እየለቀሙ ያከማቹት ኖሯል። እንግዲህ የልጄ ድግስ የበሰለው ዛፉ ቆሞ ሳለ በሰጠው ማገዶ ነው፤ ከወደቀ በኋላ የሰጠን ጭስ ብቻ ነበር።

ሠርጉ ካለፈ በኋላ አንድ አናጢ ወዳጄ መጥቶ የቀረውን ግንድ አየና ራሱን ነቀነቀ። "መምህር፥ ይህ እኮ ሁለት በርና አንድ ቁም ሣጥን ነበር። ምነው ሳይቈራረጥ በጠሩኝ!" አለኝ። በክንድ የተቈራረጠ ግንድ ሳንቃ አይወጣውም። ከፊሉን ምስጥ በላው፤ ከፊሉን ከሰል አክሳይ በጥቂት ብር ወሰደው። በአፈር ተዳፍኖ በሚከስል ከሰል አንድ ኪሎ ለማግኘት ከ5 እስከ 10 ኪሎ እንጨት ስለሚጠፋ፥ ከአባቴ ዋንዛ በመጨረሻ ምን ያህል እንደ ተረፈ አስቡት። የቀሩትን ሁለት ቡናዎች ደግሞ ጥላ ስላጡ በሁለተኛው በጋ ፀሐይ አከሰማቸው። የቈጠብሁት ገንዘብ አጥሩን ለማሳደስና ባሕር ዛፉን ለመግዛት አልበቃም።

ይህን ታሪክ የነገርኋችሁ ለማሳዘን አይደለም፤ ከውስጡ የሚወጣ አንድ ፍሬ ነገር ስላለ ነው። አባቴ ያን ዛፍ ለመጣል ቢያስብ ኖሮ በእጁ የነበረው መጥረቢያ ነው። ያን የሚያህል ዋንዛ በመጥረቢያ ለመጣል ብርቱ ሰዎች እየተፈራረቁ አንድ ቀን ሙሉ፥ ምናልባትም ሁለት ቀን ይደክማሉ። በዚያ ጊዜ ውስጥ የመጥረቢያው ድምፅ ለጐረቤት ይሰማል፤ በመንገድ የሚያልፍ ሽማግሌ ቆሞ ይጠይቃል፤ ሚስት ምሳ ስታቀርብ አንድ ቃል ጣል ታደርጋለች፤ እጅም ይላጣል፥ የተላጠ እጅ ደግሞ ባለቤቱን፥ "ይህ ነገር በእርግጥ ያስፈልግሃልን?" እያለ ይመረምረዋል። እንግዲህ የመጥረቢያው ደካማነት ለሰው ልቡና ረዳት ነበረ፤ ለመጸጸት ጊዜ ይሰጥ ነበረ። የሞተር መጋዝ ሰንሰለት ግን በአንድ ሰኮንድ 20 ሜትር ያህል ይሮጣል። ልቡና እንዲህ መሮጥ አይችልም፤ ቀስ ብሎ ከዛፉ ሥር ሲደርስ ዛፉን ወድቆ ያገኘዋል። "ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል" ያሉት አባቶቻችን ሞተር አላዩም፤ የሰውን ጠባይ ግን አይተውታል።

ታዲያ መጋዙን እንርገመውን? አይደለም። በ18ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ጆን ኤትከንና ጄምስ ጄፍሪ የተባሉ ሁለት የስኮትላንድ ሐኪሞች በእጅ የሚሳብ ትንሽ የሰንሰለት መጋዝ ሠርተው ነበር፤ የሠሩትም በምጥ የተጨነቀችን ሴት ለማዳንና የታመመ አጥንት ለመቍረጥ እንጂ ለዛፍ አልነበረም። ለእንጨት ሥራ የሚሆነውን አንድሬያስ ሽቲል የተባለ ጀርመናዊ በ1926 እ.ኤ.አ. በኤሌክትሪክ፥ በ1929 እ.ኤ.አ. ደግሞ በቤንዚን እንዲሠራ አድርጎ አወጣው። በሐኪም እጅ ነፍስ ለማዳን የታሰበ፥ በባለሙያ እጅ የብዙ ሰው ድካም ያቃለለ መሣሪያ በደለኛ ሊባል አይችልም። ነገር ግን መሣሪያው የድካማችንን ጊዜ ካሳጠረልን፥ ያን የተረፈውን ጊዜ ለማሰብ ልናውለው ይገባል። መጋዙ ፈጣን ስለ ሆነ ፍርዱም ፈጣን ይሁን ማለት፥ ጠመንጃ ስለ ተፈለሰፈ ዳኛ አያስፈልግም እንደ ማለት ነው።

አሁን የባለ ጓሮዎችን ምክንያት አንድ በአንድ እንመርምር። እነዚህን ምክንያቶች ከሩቅ የሰማኋቸው አይደሉም፤ እኔም በጊዜው ተናግሬአቸዋለሁ።

የመጀመሪያው፥ "ሰው ያለ ማገዶ ሊኖር አይችልም" የሚለው ነው። እውነት ነው። ነገር ግን ይህ ችግር በአገራችን አዲስ አይደለም፤ መልስም ተገኝቶለት ነበር። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቈረቈረች በኋላ በዙሪያዋ ያለው ደን ለቤት መሥሪያና ለማገዶ እየተቈረጠ ሳሳ። እንጨት እጅግ ስለ ጠፋ ዐፄ ምኒልክ ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው በዚያ ቤተ መንግሥት አስጀምረው ነበር፤ ያ ሕንጻ ኋላ ቤተ ክርስቲያን ሆነ። አዲስ አበባን ከመፍረስ ካዳኑት ነገሮች አንዱ በ1880ዎቹ ዓ.ም. የገባው፥ ትውልዱ ከአውስትራሊያ የሆነው ባሕር ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍ ውኃ ይጠጣል፥ ከሥሩ ሌላ ተክል አያሳድግም ተብሎ ይከሰሳል፤ ክሱም ሐሰት አይደለም። ሆኖም ፈጥኖ ያድጋል፤ ሲቈርጡትም ከጉቶው መልሶ ያቈጠቍጣል። ከዚህ የምንማረው ለእሳት የሚተከል ዛፍ ሌላ፥ ለጥላና ለፍሬ ለሳንቃም የሚቆም ዛፍ ሌላ መሆኑን ነው። ለእርድ የሚቀለብ በግ አለ፤ ቀንበር የሚሸከም በሬ አለ። የእርሻውን በሬ ለአንድ ቀን ምሳ የሚያርደውን ሰው ጐረቤቶቹ ምን ይሉታል? ዋንዛን ለማገዶ የሚጥል ሰው ከዚህ ሰው በምን ይለያል?

ደግሞስ ማገዶውን የት እናደርገዋለን? በሦስት ጕልቻ ላይ ከሚነደው እንጨት ለድስቱ የሚደርሰው ሙቀት ከ100 እጅ 10 ወይም 15 እጅ ያህሉ ብቻ ነው፤ የቀረው ለነፋስ ነው። "ምርጥ" የሚባለው የእንጀራ ምድጃ ማገዶውን እስከ ግማሽ ድረስ ይቈጥባል። የጭሱንም ነገር አትናቁት። በቤት ውስጥ ከሚነድ ማገዶና ከመሰለው ሁሉ በሚወጣ ጭስ ምክንያት በ2020 እ.ኤ.አ. በዓለም ላይ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች እንደ ሞቱ የዓለም ጤና ድርጅት ገምቷል። በጳጉሜ 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋዋት ኃይል ለማመንጨት ተሠርቷል። የኤሌክትሪክ መሥመር ገና ያልደረሰበት ቤት ብዙ መሆኑን አውቃለሁ፤ ለዚያ ቤት አልናገርም። መሥመሩ የደረሰለት፥ የኤሌክትሪክ ምጣድ በጓዳው ያስቀመጠ ሰው ግን የአባቱን ዛፍ ሲያነድ ማገዶ አጥቼ ነው ብሎ ሊያመካኝ አይችልም።

ሁለተኛው ምክንያት፥ "ዛፉ የእኔ ነው፤ በንብረቴ ማን ያዝብኛል?" የሚለው ነው። ይህ ቃል ሲሰሙት ኃይለኛ ነው፤ ሲመረምሩት ግን ባዶ ነው። የዋንዛው ግንድ በእኔ አጥር ውስጥ ነበረ፤ ጥላው ግን ከቀትር በኋላ በባልቴቲቱ ግቢ ይውል ነበር፤ ንቦቹ የማን እንደ ነበሩ አላውቅም፤ ፍሬውን የሚበሉት የሰፈሩ ልጆች ነበሩ። አባቴም ሲመነጥር የተወው ለእኔ ብቻ ብሎ አልነበረም፤ ያን ጊዜ እኔ አልተወለድሁምና። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 20 የጠላትን ከተማ የከበበ ሠራዊት እንኳ ፍሬ የሚሰጠውን ዛፍ እንዳይቈርጥ ተከልክሏል። በጦርነት ላይ ያለ ወታደር በጠላቱ ዛፍ ላይ ያልተፈቀደለትን፥ እኛ በሰላም ጊዜ በገዛ ዛፋችን ላይ ስናደርገው አናፍርምን? የአገራችንም ሕግ ቢሆን በ1986 ዓ.ም. በወጣው የደን አዋጅ ኮሶ፥ ዝግባ፥ ጥድና ዋንዛ ከመንግሥትና ከክልል ደኖች እንዳይቈረጡ ስማቸውን ጠርቶ ከልክሎ ነበር። ያ አዋጅ ከጊዜ በኋላ በሌላ አዋጅ ተተክቷል። ነገር ግን ሕግ የቱንም ያህል ቢጠነክር በየሰዉ ጓሮ ዘበኛ ሊያቆም አይችልም። የጓሮ ዛፍ ዘበኛው የባለቤቱ ሕሊና ነው።

ሦስተኛው ምክንያት፥ "አንድ ብቈርጥ አሥር እተክላለሁ" የሚለው ነው። በ2011 ዓ.ም. የአረንጓዴ ዐሻራ ዘመቻ ከተጀመረ ወዲህ ይህ ቃል በየአፉ ይሰማል። መትከል የተመሰገነ ሥራ ነው፤ እናንተም ወጣቶች በክረምት አካፋ ይዛችሁ ስትወጡ ሳይ ደስ ይለኛል። ነገር ግን በአንድ እጁ እየተከለ በሌላው እጁ የሚጥል ሰው ውኃ በወንፊት እንደሚቀዳ ነው። ችግኝ የዛፍ ተስፋ ነው እንጂ ዛፍ አይደለም፤ ከአሥሩ ስንቱ ከፍየልና ከድርቅ እንደሚያመልጥም የሚያውቅ የለም። የልጅ ልጅ ተወልዷል ተብሎ አያት አይገደልም። አሥሩን ትከል፤ አሮጌውንም ተወው።

አራተኛው ምክንያት፥ "ቦታው ጠበበን" የሚለው ነው። ለዚህ የጌዴኦ ሕዝብ ይመልስላችሁ። የጌዴኦ ምድር በአገራችን ሰው እጅግ ከበዛባቸው ገጠሮች አንዱ ነው። ሕዝቡ ግን ትልልቆቹን ዛፎች ከላይ አቁሞ፥ ከሥራቸው እንሰትና ቡና እያለማ፥ ቤቱንም በመካከላቸው ሠርቶ ይኖራል። ይህ የኑሮ ጥበብ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። በሰሜኑም ብትሄዱ ከተራቈተው ኰረብታ መካከል የቀረው የጥድና የወይራ ደን በብዙ ስፍራ የቆመው በአብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ ነው። የኦሮሞ አባቶች በኦዳ ዛፍ ሥር ተቀምጠው ሕግ ይደነግጉ ነበር፤ የገዳ ሥርዓትም በኅዳር 2009 ዓ.ም. በዩኔስኮ ሲመዘገብ ዜናውን በሬዲዮ ሰምቼ እጅግ ደስ ብሎኝ ነበር። ከሁለት ወር በኋላ በጓሮዬ የሞተር መጋዝ አስነሣሁ። ወጣት አንባቢ ሆይ፤ ሰው በአደባባይ የሚያጨበጭብለትን ነገር በቤቱ የሚያፈርሰው እንዲህ ሆኖ ነው።

እንግዲህ ነቀፌታ ብቻ ተናግሬ አልሄድም። ጓሮ ለምትወርሱ ሁሉ ከስሕተቴ ያወጣሁትን ምክር ልስጣችሁ። ትልቅ ዛፍ ለመቍረጥ ያሰባችሁ እንደ ሆነ በአንድ ማታ ጨዋታ አትወስኑ፤ አንድ ክረምትና አንድ በጋ ይለፍበት። ዛፉ አደጋ የሚያደርስ ካልሆነ በቀር አንድ ዓመት በመቆየት የሚጐዳ ሰው የለም፤ ይልቁንም በክረምት ጐርፉን እንዴት እንደሚይዝ፥ በበጋ ፀሐዩን እንዴት እንደሚከላከል ታያላችሁ። ጥላው የሚደርስባቸውን ጐረቤቶች ሁሉ ጠይቁ፤ ከሁሉ በላይ አሮጊቶችንና ሕፃናትን ጠይቁ፥ እነርሱ ከዛፉ ጋር የሚውሉ ናቸውና። ማገዶ ብቻ ከሆነ የምትፈልጉት፥ የደረቀውን ቅርንጫፍ ልቀሙ፤ ካልበቃም ዋንዛ መመልመልን የሚችል ዛፍ ስለ ሆነ በሚያውቅ ሰው እጅ ጥቂት ቅርንጫፍ አስመልምላችሁ በጊዜው አድርቁ። መቍረጥ ግድ የሆነ እንደ ሆነም መጋዘኛው ሳይመጣ አናጢው ይምጣ፤ ግንዱ በቁመቱ ለሳንቃ ይውረድ፥ ለእሳት የሚሆነው ሽራፊው ነው። የሚቈርጠውም ሰው መከላከያ ያደረገ፥ ሥራውን የሚያውቅ ይሁን፤ ማገዶ ለማትረፍ የሰው ልጅ አካል አይጐድልምና።

ጉቶው ዛሬም በጓሮዬ አለ። በሁለተኛው ዓመት ከጐኑ ቀንበጥ አውጥቶ ነበር፤ ብዙ ጊዜ ፍየል እየቀነጠሰው ቀጭጮ ኖረ፤ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ግን በእሾህ አጥሬ እጠብቀዋለሁ። ቁመቱ ከእኔ አልፏል፥ ገና ከጣሪያው አልደረሰም። ጥላው ለአንድ ወንበር ይበቃ ይሆናል፤ ወንበሩን ግን በየሰዓቱ ማንሣት ያስፈልጋል። የአባቴን ዛፍ የሚያህል ሆኖ እንደማላየው አውቃለሁ። ልጄ ልጆቿን ይዛ ስትመጣ በሠርግዋ ጊዜ ስለሆነው ነገር አንሥታ አታውቅም፤ አለማንሣትዋ ግን እንዳልረሳችው ይነግረኛል።

እኒያ ባልቴትም ዛሬ በሕይወት የሉም። ጥያቄያቸውን ግን እኔ ለእናንተ አወርሳችኋለሁ። ሞተሩ ከመነሣቱ በፊት፥ ጆሮ የሚሰማው ነገር ሳለ፥ ከዛፉ ሥር ቁሙና፥ "ምን በደለኝ?" ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። እውነተኛ መልስ ያገኛችሁ እንደ ሆነ ቍረጡት። መልስ ያጣችሁ እንደ ሆነ ግን ለመጋዘኞቹ የመጡበትን ዋጋ ከፍላችሁ መልሱአቸው፤ ከሁሉ የሚረክሰው ወጪ እርሱ ነው።